አክስቴ «ሽሯል» ያሉኝ ቀን

እኛ አገር ስለ አንዲት ሴት «መድኃኒት ትሠራለች» ከተባለ ነገሩ አለቀ። መካነ ሰላም ውስጥ ይህን የሰማ ሰው የሚታየው ነጭ ጋዋን አይደለም፤ ጠላ ውስጥ ጣል የምትደረግ ነገር ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አዲስ አበባ አንድ የምርምር ተቋም የተቀጠርኩ ሰሞን ለሠርግ አገር ቤት ሄጄ፣ ከጎኔ የተቀመጠች የሩቅ ዘመድ ሥራሽ ምንድን ነው አለችኝ። «መድኃኒት ነው የምሠራው» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። ሴትዮዋ ብርጭቆዋን ብቻ ቀስ አድርጋ ወደዚያ ማዶ አሸሸችው። ከዚያ ወዲህ ድግስ ላይ ሥራዬን ሲጠይቁኝ «መንግሥት ቤት ነኝ» እላለሁ።

በዚህ ያልደነገጡት አክስቴ ብቻ ነበሩ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ የእኔ ልጅነት ግማሹ እሳቸው ቤት ነው ያለቀው። «ታዲያ ምን ነውር አለው? እኔስ የምሠራው መድኃኒት አይደል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። አክስቴ አልማዝ ባለጭራ ያክማሉ።

እንዲህ ላለ ክፉ በሽታ እንዲህ ያለ የሙሽራ ስም ማን እንዳወጣለት አላውቅም። በአንድ ወገን ብቻ፣ በወገብ ወይም በፊት ላይ፣ ተሰልፎ ይወጣል፤ የፈላ ውሃ እንደነካው ቆዳ ውሃ ይቋጥራል፤ ልብስ ሲነካው ያስጮኻል። በኋላ በትምህርት እንደተረዳሁት መንስኤው በልጅነታችን ጉድፍ ያስያዘን ያው ቫይረስ ነው። ጉድፉ ሲለቀን ቫይረሱ አይለቀንም። ነርቭ ሥር ገብቶ ይተኛል፤ ሰውነት ሲደክም ጠብቆ ይነሳል። እኔ ጉድፍ የወጣብኝ አክስቴ ቤት ነበር። ቆዳዬን እንዳላክ አልጋው ጫፍ ተቀምጠው እጄን ይዘውኝ እንደዋሉ ትዝ ይለኛል።

ወደ አክስቴ ከአጅባር ይመጣሉ፣ ከማሻ ይመጣሉ፣ ከወረኢሉ አውቶቡስ ተሳፍረው ይመጣሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በራቸው ላይ ተራ ይዞ ይቀመጣል። አክስቴ ቅጠሉን ወቅጠው ይለጥፉለትና «አብሽር፣ ሰው ሁሉ ድኖ የሚነሳበት ነው» ብለው ይሸኙታል። ለሥራቸው ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው፣ ቅጠሉ የሚቆረጠው ጠዋት ከማንም ጋር አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ነው። የእግዜር ሰላምታ ቢሰጧቸው እንኳ አይመልሱም። ሁለተኛው፣ የቅጠሉ ስም አይነገርም። «ስሙ ከወጣ ይሽራል» ይላሉ።

በመጀመሪያው ሕግ ምክንያት ግማሹ ሰፈር ኩሩ ናቸው ይላቸው ነበር። ግድግዳ የምትጋራቸው ባለሱቅ ጎረቤታቸው ግን ገብቷታል። ገና ሱቋን ስትከፍት አክስቴን ዘንቢል ይዘው ስታይ፣ ምላሷ በልማድ እንዳያመልጣት ዞር ብላ ፊቷን ወደ መደርደሪያው ታደርጋለች። አክስቴ እስኪያልፉ ሳሙና ትቆጥራለች። ሲመለሱ ግን ሁለቱም የጠዋቱን ሰላምታ ከነወለዱ ይከፋፈሉታል። ሁለት ሰዎች እንዲህ ተጠንቅቀው ሲዋደዱ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ሁለተኛውን ሕግ አክስቴ ለእኔ ሲሉ ላላ አደረጉት። ማለቴ፣ በሕጉም ቢሆን ስሙ ለአንድ ሰው ይተላለፋል፤ ለመረጡት ልጅ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝኩ ዓመት ደንቆሮ የሚባለው ጫካ ዳር ወሰዱኝና ቅጠሉን አሳዩኝ። ዙሪያውን ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አድርገው ነው የነገሩኝ። «በቃልሽ ያዥው» አሉ። «ወረቀት አታስነኪው።» እሺ አልኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከዲግሪው ይልቅ ያን ቀን የተመረቅሁ መሰለኝ።

ቅጠሉን አድርቄ አዲስ አበባ ይዤው ገባሁ። ባልደረቦቼ ናሙናው ከየት መጣ ሲሉኝ «ከደንቆሮ» አልኳቸው፤ ለአንድ ሳምንት መሳቂያ ሆንኩ። ቃሌን ግን ጠበቅሁ። ጠርሙሱ ላይ «አሥራ አንድ» ብዬ ብቻ ጻፍኩበት።

የእኔን ሥራ ለሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ቅጠሉን ፈጭተህ በአልኮል ትዘፈዝፈዋለህ፣ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ትለያለህ፣ እያንዳንዱን፣ ሕዋስና ቫይረስ አብረው በሚያድጉበት ሳህን ላይ ትሞክራለህ። አንዱ ከሠራ እፎይ አትልም፤ ገና መጀመርህ ነው። ልብስ እንደሚያስተካክል ሰፊ አንዱን ጫፍ ትቆርጣለህ፣ ሌላ ትቀጥላለህ፣ እንደገና ትለካለህ። ብዙ ጊዜ አይሆንም። ሌላ ትቆርጣለህ። የብዙ ኬሚስት ዕድሜ እንዲህ ያልቃል፤ ጡረታ እስኪወጣ አንድም ክኒን ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ሳያይ። ይህን አውቄ ነው የገባሁበት። ቢሆንም ሰው ነኝና የእኔ ይለያል እል ነበር።

አሥራ አንድ መጀመሪያ ላይ ቫይረሱን አቆመው። ኮሪደሩ ውስጥ እልል ማለት ቃጥቶኝ ነበር። በሦስተኛው ሙከራ ነገሩ ታወቀ፤ ቫይረሱን ብቻ ሳይሆን ሕዋሱንም ነበር የሚገድለው። ቤቱን አቃጥሎ አይጥ ገደልኩ እንደሚል ሰው ነው። ሕዋሱን እንዳይነካ መጠኑን ስቀንሰው ደግሞ ቫይረሱ ምንም አይሆንም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዱን ጫፍ ስቆርጥ ሌላውን ስቀጥል ከረምኩ። ለአክስቴ ስደውል «እንዴት ነው ቅጠላችን?» ይሉኛል። «እየሠራሁበት ነው እትዬ» እላለሁ። ከዚያ በላይ ለመናገር አንጀቴ አልቻለም።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የክፍላችን ኃላፊ የሥራ ደብተሬን ሲያገላብጥ ቆይቶ ጠራኝ። «አሥራ አንድ የሚባል ቅጠል የለም» አለኝ። «ነገ አንቺ ብትታመሚ ይህን ሥራ ማን ይደግመዋል?» ልክ ነበር፤ ሊደገም የማይችል ሥራ ሥራ አይደለም። ተቀምጬ የቅጠሉን ስም በአማርኛም በላቲንም ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። እጄ ትንሽ ዘገየብኝ። ከዚያ በራሴ ሳቅሁ። የተማርሽ ሴት አይደለሽ እንዴ አልኩ፣ ደብተሩንም ዘጋሁት።

አንድ ወር ቢሆነው ነው፤ በምሳ ሰዓት አክስቴ ደወሉ።

«ግንባሬን እሳት በላኝ ልጄ። ውሃ ቋጥሯል። የማክመው በሽታ ራሴው ላይ ወደቀልሽ» ብለው ሳቅ አሉ።

«በየትኛው በኩል?»

«በቀኝ።»

«አፍንጫዎ ጫፍ ላይስ አለ?»

በጣታቸው ዳሰሱት መሰለኝ። «ሁለት አለ» አሉ።

ክው አልኩ። አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ወደ ዓይን የሚሄደው ነርቭ ተይዟል ማለት ነው። ይህን ቫይረስ የሚያቆም ክኒን አለ፤ የእኔ ሳይሆን እኔ ሳልወለድ ሌሎች የሠሩት፣ በየከተማው የሚገኝ። ግን በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ለማዳን እየከበደ ይሄዳል። «እትዬ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ» አልኩ። ሆስፒታሉ ከቤታቸው በእግር የሚደረስ ነው።

«አብሽሪ። ነገ ጠዋት ቅጠሌን አደርግበታለሁ፤ ስንቱን ያነሳሁበት አይደል? እምቢ ካለኝ እሄዳለሁ።»

«ቃል ይግቡልኝ።»

«ወላሂ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ስደውል ስልካቸው አልሠራም። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ይመጣል ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን እሳቸው አገኙኝ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ድምፃቸው ይቆራረጣል።

«ሽሯል ልጄ…» አሉ። «ሽሯል… ታዲያ…»

ልቤ ዘለለ። «እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን! እንግዲያው ሆስፒታል መሄድም አያስፈልግዎትም!» ብዬ ጮህኩ። መስመሩ ተቋረጠ። ለሁለት ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ጠፋ።

አልማዝ ባለጭራ በሦስት ቀን እንደማይሽር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል። እኔ ይህን ቫይረስ ስከተል ዕድሜዬን የጨረስኩት ሴትዮ አላወቅሁም። መስማት የምፈልገውን ነበር የሰማሁት። ቅጠላችን ሠርቷል አልኩ፤ እኔ ሳህን ላይ ያጣሁት ነገር እሳቸው እጅ ላይ አለ አልኩ። ለባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። አሥራ አንድን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ሙከራውን እንደ አዲስ ጀመርኩት። ያን ሁለት ሳምንት ሳስበው አሁንም ፊቴን መሸፈን ያምረኛል።

ኔትወርኩ ሲመለስ የደወለችልኝ ባለሱቋ ናት። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። «ዓይናቸው ልክ አይደለም፤ ቶሎ ነይ» አለችኝ። «እኔንማ ማናገር ትተውኛል። ምን እንዳጠፋሁ አላህ ነው የሚያውቅ።»

ደሴ አድሬ፣ በማግስቱ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ገባሁ። አክስቴ በራቸው ላይ በርጩማ ተቀምጠው ነበር። ቁስሉ ደርቆ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ ሆኗል። ቀኝ ዓይናቸው ላይ ግን ጉም ተኝቶበታል። ድምፄን ሰምተው በግራው ዓይናቸው ሊያዩኝ አንገታቸውን አዞሩ። ሳልቀመጥ ይዣቸው ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። አይቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢመጡ ኖሮ» አለኝ። ክኒኑን ከጠብታ ጋር አዘዘልን፣ ያኛው ዓይን ግን በወጉ ላይመለስ ይችላል አለ።

ቤት ስንመለስ አልቻልኩም። «እትዬ፣ ሽሯል አላሉኝም እንዴ?» አልኩ። የቁጣ ቃና ነበረበት፤ ይቅር ይበለኝ።

«ብያለሁ እንጂ። ቅጠሉን ባደርገው ባደርገው አይሰማም። ሽሯል አልኩሽ፣ ታዲያ ምን ላርግ ብዬ ልጠይቅሽ። አንቺ አይደለሽ ሆስፒታልም አያስፈልግዎት ያልሽኝ?»

ይህን ሲሉ አልወቀሱኝም። እንዲያው የሆነውን ነበር የሚነግሩኝ። ቁስል ሲድን ሻረ እንላለን። መድኃኒት ሕጉ ፈርሶ ኃይሉ ሲጠፋም ሻረ እንላለን። ሁለቱንም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእሳቸው አፍ ስሰማ ነው ያደግሁ። እሳቸው መድኃኒቱ ነው ያሉት፤ እኔ ቁስሉን ሰማሁ፤ እሳቸውም እኔ ያልኩትን አምነው ቤታቸው ተቀመጡ። ደንቆሮስ እኔ ነበርኩ። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«አይዞሽ። በግዕዝ አላወራሁሽ፣ ባማርኛ ነው ያልኩሽ፤ አንዳንዴ እንዲህ ነው» አሉ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጠዋት ግንባራቸው እየነደደ ቅጠል ሊቆርጡ ሲወጡ ባለሱቋ ሳታያቸው ቆይታ ድንገት ዞር ስትል አጠገቧ ደርሰዋል። ደንግጣ «አፊያ ነዎት?» ብላ ደህንነታቸውን ጠየቀቻቸው። መለሱ ወይስ አልመለሱ፣ አያስታውሱም። ትኩሳት ነበራቸው። መልሰው ከሆነ መድኃኒቱን የሻሩት ራሳቸው ናቸው፤ ካልመለሱም ያናገረቻቸው እሷ ናት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ ከርመው ጎረቤታቸውን ዓይኗን ማየት አቅቷቸዋል። በሕመም የመጡ ሰዎችንም ምክንያቱን ሳይናገሩ በር ዘግተው መልሰዋቸዋል። «እድሜ ልኬን የያዝኩትን በአንድ ቃል ጣልኩት ይሆን?» አሉኝ። ከዓይናቸው በላይ ያስጨነቃቸው ይህ ነበር።

እኔ የማውቀው ሌላ ነበር። ቅጠሉን ማንም አልሻረውም፤ መጀመሪያም ቫይረሱን የሚገታ ቅጠል አልነበረም። አልማዝ ባለጭራ አብዛኛውን ሰው በሳምንታት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይለቀዋል። አክስቴ ሲለጥፉለት የኖሩት ሰው ሁሉ ባይለጥፉለትም ይነሳ ነበር። ይህን ከነማስረጃው ደብተሬ ላይ ይዤዋለሁ። ብነግራቸው ባለሱቋ ነፃ ትወጣለች፣ እሳቸውም ነፃ ይወጣሉ። ግን አርባ ዓመት ባዶ እጃቸውን እንደኖሩ ነግሬያቸው መሄዴ ነው። ይህን ሳወጣ ሳወርድ እሳቸው በደህናው ዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ስሙን ጽፈሽዋል እንዴ?» አሉ።

«ጽፌዋለሁ» አልኩ። «ባለፈው ወር። ደብተር ላይ።»

«ከመታመሜ በፊት?»

«በፊት።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ትከሻቸው ወረድ አለ። «እንግዲያው እሷ አይደለችም» አሉ። «እኔም አይደለሁም።» ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በርጩማቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ሱቁ ሄዱ። ከኋላ ተከተልኳቸው። ባለሱቋ ስታያቸው በልማድ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። «ኧረ ዙሪ» አሏት፣ «አፊያ ነሽ ወይ?» ባለሱቋ ሳሙናውን ጣለችው።

ዋሽቻቸዋለሁ ወይ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። የተናገርኩት አንድ ቃል ሐሰት የለበትም። ያልተናገርኩት ግን አለ፤ እስካሁን አልተናገርኩትም። ሌላው የሥራ ሰው እንዴት ይፈርድብኝ እንደሁ አላውቅም። እኔ ግን የኔ ጥፋት እንዲሆን መርጫለሁ፤ በእሳቸው ሕግ ባይሆን በሌላ ሕግ የኔው ነውና፤ ከሆስፒታል ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ተዘግቷል። ኃላፊው «ብዙ ደከምሽበት» ብሎ ፋይሉን ፈረመበት፤ የሦስት ዓመት ልፋቴን ውሃ በላው። አሁን በሌላ ሞለኪውል አንዱን ጫፍ እየቆረጥኩ ሌላውን እየቀጠልኩ ነው። አክስቴ ግን ሥራ አልተዉም። ከአጅባርም ከማሻም የመጣውን በሽተኛ ዛሬም በራቸው ላይ ይቀበሉታል። ያስቀምጡታል፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ እንዳለ ይዳስሱታል፣ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ይጠይቁታል። ከዚያ «የኔ መድኃኒት ሽሯል፤ ሆስፒታል ክኒን አለ፤ ሦስት ቀን ሳይሞላህ» ብለው ራሳቸው እጁን ይዘው ያደርሱታል። ሆስፒታሉ ይህን ስንት ጊዜ ተናግሮ ሰው እሺ ብሎት አያውቅም ነበር። አክስቴ ሲሉት ይሄዳል፤ መድኃኒታቸው ከሻረ ምን ምርጫ አለው? እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት የሠራሁት መድኃኒት ቢኖር ያ «ሽሯል» የሚሉት ቃል ነው፤ እሱንም ያገኘሁት በስህተት ነው።

ባለፈው ሳምንት ቤተ ሙከራ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ሁለቱም ናቸው፤ ባለሱቋ ስልኩን ይዛ፣ አክስቴ ጆሮዋ ሥር ሆነው ይጮሃሉ። ከወረኢሉ በኩል አንዲት ወላድ መጥታ ነበር፣ ግንባሯ ላይ ወጥቶባት፣ በሁለተኛው ቀን አድርሰዋት ነበር። መስመሩ ይንኮሻኮሻል።

«ሽሯል!» አሉኝ አክስቴ።

በእጄ የያዝኩትን ጠርሙስ አስቀመጥኩ። በሩን ዘጋሁት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ «እትዬ፣ ምኑ ነው የሻረው?» አልኩ።

«ቁስሉ ነዋ! ቁስሉ!»

«ዓይኗስ?»

«ታያለች።»